የዳማ ጭስ

የመኪና ጭስ ይናፍቀኛል ብል ትስቁብኝ ይሆናል። ግድ የለም፣ ሳቁ። እታፈራሁ እባላለሁ። ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት አቃቂ ውስጥ ባለ የክር ፋብሪካ ክር ስቀጥል ነው። አጻጻፌ ባያምር አትፍረዱብኝ፤ ነገሩን ግን እንደሆነው አጫውታችኋለሁ።

ፈሪ ሴት ነኝ። ያን ጊዜ ደግሞ ይብስብኝ ነበር። ቡታጋዙን አጥፍቼ ከወጣሁ በኋላ ከታክሲ ወርጄ ተመልሼ አይ ነበር። ልጄ ማህሌት ሳሪስ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ትንሽ ካመሸች ነጠላዬን አጣፍቼ የግቢው በር ላይ እቆማለሁ፤ ከዋናው መንገድ የሚገባውን ሰው ሁሉ ፊቱን አያለሁ። ቤታችን ቃሊቲ ነው። ከባድ መኪና ቀን ከሌት ያልፋል። እኔ እያንዳንዱ የፍሬን ድምፅ ልጄን የገጨ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለችው ሴት ያገባችው ደግሞ የመኪና ውድድር የሚወድ መካኒክ ነው። ባለቤቴ ታምራት አንዲት ሁለት በር ያላት የድሮ የጀርመን መኪና ነበረችው። ቀለሟ የዳማ ፈረስ ስለሚመስል ስሟን ዳማ አላት። ከሰው ሰባራዋን ገዝቶ ግቢያችን ውስጥ ፈቶ የገጠማት ራሱ ነው። ዳማ እንደ ሌሎቹ የቤንዚን መኪኖች ካርቡራተር የላትም። እንደ ናፍጣ መኪና ቤንዚኑን እየመጠነች የምትረጭ ፖምፓ አላት። ችግሩም እዚያ ላይ ነበር። ሚኒሞዋ ያስቸግራል። ሚኒሞ የሚሉት ሹፌሩ እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሳ ሞተሩ ብቻውን ቀስ ብሎ የሚተነፍሰውን ነው። ዳማ ቤንዚኑ ትንሽ ከበዛባት ታጨሳለች፣ ትንሽ ካነሳት ቀጥ ትላለች።

ማስተካከያው ፖምፓዋ ኋላ ላይ ያለ አንድ ትንሽ ቁልፍ ነው። ሞተሩ እየሠራ ከነኩት ይሰበራል። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩ በደንብ ይሞቃል፣ ከዚያ ይጠፋል። ቁልፉ ወደ ውስጥ ተጫን ተደርጎ አንዴ ቀጭ እስኪል ይዞራል። ወደ ግራ ሲዞር ቤንዚኑ ይቀንሳል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጨምራል። ልክ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው እንደገና ሲያስነሷት ነው። ካልሆነ ማጥፋት፣ እንደገና ቀጭ፣ እንደገና ማስነሳት።

«ይቺ መኪና የምትሰማሽ ዝም ስትል ብቻ ነው» ይለኝ ነበር ታምራት።

የኔ ድርሻ ከኋላ ነበር። ከጭስ ማውጫው ፊት ዱካ ላይ ቁጭ እልና ቁራጭ አቡጀዲ በሁለት እጄ ወጠር አድርጌ እይዛለሁ። ታምራት ኮፈኑ ውስጥ እንዳቀረቀረ ይጮሃል።

«እታፈራሁ! ምን አለሽ?»

«ጠቆረ!»

ያጠፋል። ቀጭ። ያስነሳል።

«አሁንስ?»

«እንደ ዓመድ ሆነ!»

በትዳራችን ከዚያ የበለጠ ያወራንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ታምራት ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። እጄ ላይ የሚደርሰው ሞቅ ያለ ትንፋሽ ግን ከሱ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ውድድሩን አንድ ቀን ሄጄ አይቼ አላውቅም። እሱ ናዝሬት ሲወርድ እኔ ቤት ዘግቼ ቁጭ እላለሁ፤ እህል አይወርድልኝም። አንድ ጊዜ የፈራሁት ደረሰ። ኩርባ ላይ እግሩን ከነዳጁ ሲያነሳ ዳማ ጠፋችበት። መሪው ከበደው፣ ፍሬኑ ደነደነበት፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ የአሸዋ ጆንያ ውስጥ ገባ። ከንፈሩን ተሰፍቶ ሌላ ሰው መኪናውን እየጎተተለት መጣ። ከዚያም በኋላ ውድድሩን አልተወም።

በመጨረሻ ታምራትን የወሰደብኝ ውድድር አልነበረም። ጉበቱን ታሞ አልጋ ላይ ሞተ። ዳማ በሸራ ተሸፍና ግቢው ጥግ ቀረች። እኔም ሸራውን ገልጬ አላየሁም። ዝናብ ሲዘንብ ሸራው ላይ የሚወርደውን እየሰማሁ እተኛለሁ፤ በቃ።

አንድ ምሽት ማህሌት ከሥራ ገብታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እማዬ፣ ዳማ ተነሳች እኮ።»

ጋሽ ሸምሱ የሚባል የታምራት የሥራ ጓደኛ ከልጄ ጋር ሆኖ መኪናዋን ሲጠጋግን እንደነበር አውቃለሁ። ዳማን ለመሸጥ መስሎኝ ነበር ዝም ያልኳቸው።

«ተነስታስ የት ልትሄድ?» አልኳት።

«ናዝሬት። እሁድ ውድድር አለ።»

«ማን ሊነዳት?»

ጥፍሯን ታይ ጀመር። ከጥፍሯ ሥር ግራሶ አለ። መልሱን ከዚያ አነበብኩት።

«ማህሌት! ያለ አንቺ ማን አለኝ?»

«ማንም የለሽም። እኔም ካንቺ በቀር ማንም የለኝም። ግን እማዬ፣ አባዬ ከሞተ ጀምሮ እዚህ ቤት ስለሱ ያወራ ሰው አለ? ስሙን ስጠራብሽ ወጥ ታማስያለሽ። እኔ የት ሄጄ ላግኘው?»

ወጥ እያማሰልኩ ነበር። ማማሰያውን አስቀመጥኩት።

ሌሊቱን ሳሰላስል አድሬ ጠዋት አንድ ነገር ነገርኳት። ዳማ ሚኒሞዋን ይዛ፣ ማንም ሳይነካት፣ ሳትጠፋ ብቻዋን የምትቆም ከሆነ ትሂድ፤ ካልሆነ ግን ከዚህ ግቢ አትወጣም። አባቷን ለአሸዋ ጆንያ የሰጠው ሚኒሞዋ ነውና። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ያልኩት እንደማይሆን ስለማውቅ ነው። የዳማን ፖምፓ ከታምራት በቀር የነካ ሰው የለም። ሸምሱ እንኳን ፍሬንና ጎማ እንጂ ወደዚያ አይጠጋም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሸምሱ የዕቃ ሳጥኑን ይዞ መጣ። የስልጤ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ጢሙን ሂና የሚቀባ። እኔ ኩሽና ገብቼ ምስር መልቀም ጀመርኩ። ከመግባቴ በፊት ግን እጄ በልማድ የተሰጣውን ልብስ ከገመድ ላይ አውርዶ ነበር።

ዳማ ስትነሳ ግቢው ተናወጠ። ጎረቤታችን እትዬ ደስታ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ምነው እናንተ፣ ወፍጮ ቤት ከፈታችሁ እንዴ? እህል ይዤ ልምጣ?»

«ገብስ ከሆነ ይዘሽ ነይ!» አለ ሸምሱ። «ለጤፍ ገና ነን!»

«ጋሼ፣ አሁን ይንኩት እንጂ» ትለዋለች ማህሌት።

«ሳይሞቅ ማን ይነካል? ባሏ ሳይነቃ እንደምታወራው ሚስት ልሁን?»

«እርስዎ ሚስትዎ ስታወራ መች ይነቃሉ?»

«ወላሂ ይቺ ልጅ ምላሷ ከመኪናዋ ይፈጥናል!»

ሞቀች። ጠፋች። ቀጭ የምትለዋን ድምፅ ከኩሽና ውስጥ ሆኜ ሰማኋት። ተነሳች፣ ተንተባተበች፣ ጠፋች። እንደገና። እንደገና። ምስሩን ስለቅም አሸዋውን ሰፌዱ ላይ ትቼ ምስሩን እየጣልኩ መሆኔን ያየሁት ቆይቼ ነው።

ከዚያ ማህሌት በሩ ላይ መጣች።

«እማዬ፣ ከኋላ ጨርቅ የሚይዝልን ሰው አጣን።»

ከሳጥን አቡጀዲ አውጥቼ ቀደድኩና ወጣሁ። ዱካውን ከጭስ ማውጫው ፊት አድርጌ ተቀመጥኩ። ጨርቁን ወጠርኩት። ሸምሱ አስነሳት።

ያ ሙቀት መዳፌ ላይ ደረሰ።

ሰው ከሞተ በኋላ ልብሱ ይሸታል፣ ፎቶው ይታያል። ትንፋሽ ግን አይገኝም። እኔ ያን ቀን አገኘሁት። ዓይኔን ጨፍኜ «እታፈራሁ! ምን አለሽ?» የሚለውን ድምፅ ጠበቅኩ።

«እታፈራሁ! ምን አለሽ?»

ሸምሱ ነበር። ጠባዩን ከጓደኛው ወርሶ እንደሱ ነው የጮኸው።

«ጠቆረ!» አልኩ።

ወደ ግራ ቀጭ። እንደ ዓመድ ሆነ። ቀጭ። ጠቆር ያለችው መሐሏ ላይ ብቻ ቀረች። ቀጭ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ትንፋሹም ሳይቆራረጥ እኩል እኩል ይገፋኝ ጀመር። ሸምሱ በብርጭቆ ውሃ አስመጥቶ ሞተሯ ላይ አስቀመጠ። ውሃው ፊቱ እንኳን አልተሸበሸበም።

ማህሌት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ብቻዋን ቆመች! እማዬ፣ ብቻዋን ቆመች!»

ቃሌ ነውና ምን ልበል? ሸምሱ እጁን በኦሞና በአሸዋ ሊታጠብ ቧንቧው ጋ ሄደ። ዳማን እንድትሠራ ትተዋት ነበር። እኔ ያወረድኩትን ልብስ መልሼ ላሰጣው ጀመርኩ። አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅ፣ ነጠላዬን። ዳማ እዚያው ገመዱ ሥር እየሠራች ነው። ልብሴ ነጭ እንደሆነ ነው።

ነጠላዬን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ከዚያ ከንፈሩን ከተሰፋበት ጊዜ ጀምሮ የውድድር ዋዜማ ልብሴ ነጭ ሆኖ አያውቅም ነበር። ታምራት ሁልጊዜ ዋዜማውን ሲነካካት ውሎ በመጨረሻ እያጨሰች ይተዋታል። ልብሴን ጥላሸት ታለብሰዋለች። እኔ እጣላዋለሁ። «ሌላ ቀን ንጹሕ የምትሠራ መኪና፣ ምነው ነገ ልትሄድ ስትል ታጠቁራታለህ?» እለዋለሁ። እሱ ደግሞ የተሰፋ ከንፈሩን ወደ አንድ ጎን ስቦ ይስቃል። «ለመንገዷ ስንቅ ነው» ይለኛል። እኔን ለማብሸቅ የሚናገረው ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

«ሸምሱ» አልኩ። «ታምራት ናዝሬት ሊወርድ ሲል ጨርቁ ነጭ ሆኖ አያውቅም።»

«ምን አልሽ?»

ነገርኩት። ስለ ልብሱ፣ ስለ ስንቁ፣ ከአደጋው በኋላ መጀመሩን። ሸምሱ አረፋ በእጁ እንደያዘ ቆመ። ውሃው ይፈሳል፤ ቧንቧውን አልዘጋም።

«አየሩ!» አለ በመጨረሻ። «ማሂ፣ አየሩ ነው! እዚህ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ ትንሽ ቤንዚን ይበቃታል። ናዝሬት ስትወርጂ አየሩ ይወፍራል። እዚህ ልክ የሆነው ቤንዚን እዚያ ያንሳታል። ከፍታውን እያየ ቤንዚን የሚጨምርላት አንድ ቆርቆሮ ነገር ፖምፓዋ ላይ አለ፤ እሱ ድሮ ነው የሞተው። ለዚህ ነው! ኩርባ ላይ እግርሽን ስታነሺ ቀጥ ትልብሽ ነበር። እንደ አባትሽ።»

«ለርስዎ አልነገረዎትም?» አለች ማህሌት። ድምጿ ተለውጧል።

«ያ ሰው ፖምፓዋን ሲነካ ጀርባውን ነበር የሚሰጠኝ።»

«እንግዲያው ይጨምሩላት።»

«ስንት ቀጭ? ካነስኩ ትጠፋብሻለች፣ ካበዛሁ እሳት የሚጭርላት ካንዴላ ይታፈናል።» ሸምሱ ወደኔ ዞረ። «እታፈራሁ፣ ቃላችን ቃል ነው። ሚኒሞዋ ለናዝሬት ልክ ካልሆነ ልጅሽ አትሄድም። ታምራት ምን ያህል ያጠቁራት እንደነበር ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ታስታውሻለሽ?»

ማህሌት አልለመነችኝም። ሄዳ ሞተሩን አጠፋችና ኮፈኑን ልትዘጋ እጇን አነሳች።

አንባቢዎቼ፣ በተለይ እናቶች፣ እዚች ላይ አብራችሁኝ ቁሙ። የፈለግኩት ሁሉ እጄ ገብቶልኝ ነበር። «አይ፣ ረስቼዋለሁ» ብል ማንም አይፈርድብኝም። ልጄ ነገ ቤቷ ትውላለች፤ ምሳ አብረን እንበላለን። አንዲት ቃል ናት። አፌ ላይ መጥታም ነበር።

ግን ረስቼዋለሁ ማለት አቃተኝ። ያን ጥቁረት አልረሳሁትም። በኦሞ ያሸሁት፣ በፀሐይ ያነጣሁት፣ የተጣላሁበት ጥቁረት ነው። ረሳሁት ብል ሰውየውን ራሱን ረሳሁት እንዳልኩ ሊቆጠርብኝ ነው፤ ያውም በልጁ ፊት።

ሄጄ ዱካው ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ንጹሕ ጨርቅ ወጠርኩ።

«ወደ ቀኝ አዙረው» አልኩት።

ቀጭ። አስነሳት። ነጭ ነው። «ገና!» አልኩ። አጠፋ። ቀጭ። ጠርዙ ወየበ። «ገና!» ባትሪው ደከመ፤ የማስነሻው ቁልፍ ሲዞር ቃተተና ዝም አለ። ማህሌት መሪው ላይ ሆነች፣ እኔና ሸምሱ ከኋላ ገፋን። እትዬ ደስታም ቀሚሷን ሰብስባ መጥታ ትከሻዋን ሰጠች፤ «ወፍጮ በሰው ጉልበት ሲነሳ ዛሬ አየሁ» እያለች። ተነሳች። ጨርቁን ያዝኩ። «ገና ነው!» አልኩ እያለከለክሁ። ሸምሱ እንደገና ሊያጠፋት ሲል «ደግሞ ግፉ ልትይን ነው?» ብሎ አየኝ። «ግፋ» አልኩት።

በመጨረሻ ጭሱ ጨርቁ መሐል ላይ አረፈ። ክረምት ሊገባ ሲል የየረር ተራራ ላይ እንደሚቆመው ደመና ያለ ጥቁረት ነው፤ ዳር ዳሩ ወደ ቡናማ የሚሄድ። ድምጿም ከበድ አለ፣ በልቶ እንደጠገበ ሰው ቀስ እያለ ይንጎራጎራል። ሽታው ጉሮሮዬን ያዘኝ። ዞር ብዬ ገመዱን አየሁ። አንሶላዬ ጠቁሯል።

«በቃ» አልኩ። «ይሄ ነው። እሱ ነው።»

እሁድ እኔም ሄድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ። ማህሌት «እማዬ፣ ትታመሚያለሽ» ብትለኝም ከሸምሱ አጠገብ በሱ ፒካፕ ላይ ወጣሁ፤ ዳማን ከኋላ ጎተትናት። ዱከምን፣ ደብረ ዘይትን፣ ሞጆን ስናልፍ አየሩ እየሞቀ ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩ። ናዝሬት ስንደርስ ሸምሱ አስነሳትና ሲያሞቃት ቆየ። ከዚያ ሳይጠራኝ ጨርቄን ይዤ ከኋላዋ ቁጢጥ አልኩ። ሰዎች ያዩኛል፤ ግድ አልነበረኝም።

ጨርቁ ነጭ ሆነ። ያ ሁሉ ጥቁረት የት እንደገባ እንጃ። ትንፋሿ እኩል ነው፣ ለስላሳ ነው።

ሸምሱ ጨርቁን ተቀብሎኝ ወደ ብርሃን አድርጎ አየው። «ሰውየው ቃሊቲ ቁጭ ብሎ ነው እዚህ የሚያስተካክላት የነበረው» አለና አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

ውድድሩን አየሁት ብል እውሸታለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። የዳማን ድምፅ ከሁሉም መሐል እለየዋለሁ። ኩርባው ጋ ስትደርስ ማህሌት እግሯን ታነሳለች፤ ድምፁ ይወርዳል፣ ይወርዳል። እዚያ ላይ ትንፋሼን እይዛለሁ። ከዚያ ታች ላይ ሚኒሞዋ ሳትጠፋ ይይዛታል፤ ልጄ እንደገና ነዳጅ ትሰጣታለች። እኔም እተነፍሳለሁ። በዙሩ ሁሉ እንደዚያው አብረን ሄድን፣ እሷና ዳማና እኔ። ስንተኛ ወጣች ካላችሁኝ፣ ከፊተኞቹ ይልቅ ለኋለኞቹ ትቀርባለች። እሷ ግን ጥርሷ አልከደን ብሏት ነበር።

መጥታ አጠገቤ አቆመችና ሞተሩን ሳታጠፋ ዘልላ ወርዳ አቀፈችኝ። በትከሻዋ በኩል ዳማን አየኋት። በሩ ተከፍቷል። የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው። ሞተሯ ግን ብቻዋን ትተነፍሳለች። ማንም እግሩን አላሳረፈባትም፣ ማንም አልነካትም። ታምራት ከሞተ በኋላ አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ ሰው ደረቅ ይለኝ ነበር። እዚያ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ መሐል፣ ባዶውን ወንበር እያየሁ አለቀስኩ።

ምን ለወጠብሽ ትሉኝ ይሆናል። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ቡታጋዙን ዛሬም ተመልሼ አያለሁ። ግን ድሮ መጠንቀቅ ማለት በር መዝጋት ይመስለኝ ነበር። ታምራት ያን ሁሉ ዋዜማ ልብሴን እያጠቆረ ለካ ሲጠነቀቅ ነበር። ወደ ቤቱ፣ ወደኔ ለመመለስ ነበር። እኔ የሰማሁት ቀልድ፣ እሱ የሚለኝ ግን «እመጣለሁ» ነበር። በሕይወት እያለ ባውቀው ኖሮ አንሶላዬን አውርጄ አልጣላውም ነበር። ቤታችሁ ውስጥ የምትጣሉበት ትንሽ ነገር ካለ እስቲ አንዴ ደግማችሁ እዩት፤ እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው። ማህሌትም አሁን ስለ አባቷ ስትጠይቀኝ ማማሰያዬን አስቀምጬ እነግራታለሁ።

አሁንም ትወዳደራለች። ናዝሬት ልትወርድ ስትል ዋዜማው ላይ እኔ ጠዋት ተነስቼ ያለኝን ነጭ ልብስ ሁሉ አጥቤ ገመዱ ላይ አሰጣለሁ። እሷ ዳማ ውስጥ ገብታ ቁልፉን ይዛ ትጠራኛለች።

«እማዬ፣ ልብሱን አንሺው፣ ላስነሳት ነው!»

«ተዪው» እላታለሁ ዱካዬን እየሳብኩ። «አስነሺያት።»